በዋልካ አፈር ላይ የቆመ ቤት፦ የአንድ ስንጥቅ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እና ቦታው

በአዲስ አበባ ከቦሌ እስከ አቃቂ በተንጣለለው ሜዳማ ክፍል ግድግዳቸው የተሰነጠቀ፣ በራቸው በክረምት የሚነክስ፣ ወለላቸው ያበጠ ቤቶች ብዙ ናቸው። እዚህ የሚቀርበው ከእነዚህ የአንዱ ታሪክ ነው። የተመረጠውም ሁለቱንም ወቅቶች የሸፈነ ተከታታይ ልኬት ስለተወሰደበትና ገንዘብ ፈጅተው ጉዳት የጨመሩ ጥገናዎችም አብረው ስለተመዘገቡበት ነው። የቤቱ ባለቤቶች፣ የሥራ ተቋራጩና የሰፈሩ ስም ሆን ተብሎ ተትቷል።

ቤቱ ፎቅ የሌለው ቪላ ሲሆን ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መሠረቱ በድንጋይ ግንብ ተሠርቶ አንድ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ ሲርስ በሚያብጠውና ሲደርቅ በሚኮማተረው ጥቁር የሸክላ አፈር፣ በዋልካ ላይ ያርፋል። ከወለሉ ሥር ግማሽ ሜትር ያህል ዋልካ ተቆርጦ ወጥቶ በምትኩ ቀይ አሽ የሚባለው ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተሞልቷል፤ በዚያ ላይ ሃርድኮር የሚባለው የድንጋይ ንጣፍና ኮንክሪት ተደርጓል። በጓሮ በኩል ከአጥሩ ጋር ትይዩ የተተከሉ ትልልቅ ባሕር ዛፎች ነበሩ። ከፊት ለፊት ደግሞ እስከ ግድግዳው የተጠጋና በበጋ በየማታው ውሃ የሚጠጣ የሣር መደብ ነበር። ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ በምሥራቅ በኩል ጎን ለጎን ናቸው። ጣሪያው አሸንዳ ያለው ቢሆንም ቁልቁል የሚወርደው ቱቦ ውሃውን የሚያፈሰው የቤቱ ማዕዘን ሥር ነበር።

ይህን አቀማመጥ በዝርዝር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ የቤቱ ጎን በዛፍ የሚደርቅ፣ ሌላው በሣርና በቧንቧ የሚርስ መሆኑ ከሁሉም የላቦራቶሪ ውጤት በላይ ለምርመራው ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል።

የታየው ችግር

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክረምቶች ቤቱ ላይ ምንም አልታየም። ከዚያ በኋላ በጓሮ በኩል ካለው መኝታ ቤት የመስኮት ማዕዘን ተነስቶ ወደ ጣሪያው በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ብቅ አለ። ስንጥቁ ከላይ ሰፊ ነው፤ ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ መሠረቱ አጠገብ ይጠፋል። በጥርና በሚያዝያ መካከል ይከፈታል፣ በነሐሴ በከፊል ይገጥማል። የወጥ ቤቱ በር ደግሞ በክረምት ጉበኑን እየነከሰ አልዘጋ ስለሚል በየነሐሴው በመላጊያ ይላግ ነበር። ጥር ሲገባ በሩና ጉበኑ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ስለሚቀር ጠርዙ ላይ ቀጭን ጣውላ ይመታበታል፤ በተከታዩ ክረምት ጣውላው ይነቀላል። ሳሎኑ መሀሉ ላይ ተነፍቶ ነበር። የባለቤቶቹ የልጅ ልጅ ብይ መሀል ሴራሚኩ ላይ ሲያስቀምጥ በየትኛውም አቅጣጫ ወደ ግድግዳው ይንከባለል እንደነበር ቤተሰቡ ከማንኛውም ባለሙያ በፊት አስተውሏል።

ባለቤቱ፣ ጡረታ የወጡ ሰው፣ በጊዜው የሚጠበቀውን አድርገዋል። በመጀመሪያ ስንጥቁን በየዓመቱ በልስን አስደፈኑ። ልስኑ በበጋ፣ ስንጥቁ ሰፍቶ ሳለ ስለሚደፈን፣ በክረምት ግድግዳው ተመልሶ መግጠም ሲፈልግ የደረቀው ሲሚንቶ መሀል ገብቶ ይከለክለዋል፤ በዚህም ምክንያት በየዓመቱ አዲስ ስንጥቅ ከአሮጌው አጠገብ ይጨመር ነበር። ቀጥሎ አንድ ተቋራጭ እጅግ የተጎዳውን የሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ከሥሩ ቆፍሮ ከዋልካው በታች እስካለው ጠንካራ መሬት ድረስ ኮንክሪት አወረደለት። በመጨረሻም በግቢው ዙሪያ ጠባብ ጉድጓዶች ተቆፍረው በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ተሞላባቸው። እኔ ጉዳዩን ያየሁት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ዋልካ የሚያብጠው እንዴት ነው

የተከተለውን እርምጃ ለመረዳት እብጠቱ ከየት እንደሚመጣ መረዳት ግድ ነው። አፈሩ የሚያብጠው ውሃ በቅንጣቶች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ስለሚሞላ ቢሆን ኖሮ አሸዋም ባበጠ ነበር። የዋልካ ልዩነት ውሃው ወደ ማዕድኑ አካል ውስጥ የሚገባ መሆኑ ነው።

የዋልካ ዋነኛ የሸክላ ማዕድን ስሜክታይት የሚባለው ቤተሰብ ሲሆን ከዚህ ቤተሰብ ይበልጥ የሚታወቀው ሞንትሞሪሎናይት ነው። ማዕድኑ እንደ እንጀራ የተነባበሩ እጅግ ስስ ንጣፎች ስብስብ ነው። የአንዱ ንጣፍ ውፍረት 1 ናኖሜትር ያህል ነው፤ እሱም በሁለት የሲሊካ እርከኖች መካከል አንድ የአልሙና እርከን ይዞ የተሠራ ነው። በመሀለኛው እርከን ውስጥ አልፎ አልፎ የአልሙኒየምን ቦታ ማግኒዥየም ይይዘዋል። አልሙኒየም ሦስት፣ ማግኒዥየም ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላላቸው በእያንዳንዱ ልውውጥ ንጣፉ ላይ አንድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይተርፋል። ይህን የሚያቻችሉት በንጣፎቹ መካከል የሚቀመጡት የሶዲየም፣ የካልሲየምና የማግኒዥየም አዮኖች ናቸው። አዮኖቹ ላይኛውንና ታችኛውን ንጣፍ አያይዘው ይይዛሉ፤ ነገር ግን ማያያዣው ልል ነው፣ እነሱ ራሳቸውም ውሃን አጥብቀው የሚስቡ ናቸው።

ማዕድኑ ፍጹም ደረቅ ሳለ ከአንዱ ንጣፍ እስከ ተከታዩ ያለው ርቀት፣ የንጣፉን ውፍረት ጨምሮ፣ 0.96 ናኖሜትር ገደማ ነው። እርጥበት ሲያገኝ የውሃ ሞለኪውሎች አዮኖቹን ለመክበብ በንጣፎቹ መካከል ይገባሉ፤ የሚገቡትም በረድፍ ነው። አንድ ረድፍ ሲገባ ርቀቱ ወደ 1.25፣ ሁለት ሲገባ ወደ 1.5፣ ሦስት ሲገባ ወደ 1.9 ናኖሜትር ያድጋል። ይህ በኤክስሬይ የሚለካ ነገር ነው። በሦስተኛው ረድፍ ላይ የንብርብሩ ቁመት ከደረቁ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ሆኗል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በአዮኑ ዓይነት ይወሰናል። በንጣፎቹ መካከል ያለው በብዛት ካልሲየም ከሆነ እብጠቱ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ካልሲየም ንጣፎቹን እንደያዘ ይቀራል። ሶዲየም ከሆነና በቂ ውሃ ካለ ግን ንጣፎቹ ከ4 ናኖሜትር በላይ እየተራራቁ ይሄዳሉ። በዚህ ሁለተኛ ደረጃ ውሃውን የሚስበው በንጣፎቹ መካከል ያለው የአዮን ክምችት ከውጪው ውሃ እጅግ የበለጠ መሆኑ ነው፤ እብጠቱም ኦስሞቲክ እብጠት ይባላል። ኖራ ዋልካን የሚገራው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ካልሲየም ይዞ ስለሚመጣ ሶዲየሙን ይተካዋል።

ውሃ የሚያገኘው ፊት ስፋትም ሊዘነጋ አይገባም። የአንድ ግራም ሞንትሞሪሎናይት ንጣፎች ውስጣዊ ፊት ተዘርግቶ ቢለካ ከ700 እስከ 800 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ካኦሊናይት በሚባለው ሌላው የሸክላ ማዕድን ግን ንጣፎቹ እርስ በርስ በሃይድሮጅን ትስስር ስለሚያያዙ ውሃ መሀላቸው አይገባም፤ የአንድ ግራም ፊቱም ከ10 እስከ 20 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለው ቀይ አፈርና በሜዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኙ ሆነው ሳለ ጠባያቸው የተለያየውም በዚህ ነው። በተዳፋት ላይ ዝናቡ የአለቱን ሲሊካ፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያጠበ ስለሚወስድ የሚቀረው በአብዛኛው የማያብጥ ማዕድን ነው። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ እነዚያ ንጥረ ነገሮች እዚያው ተጠራቅመው ስሜክታይት ይሠራሉ። መሬት ለመግዛት የሚዞር ሰው የአፈሩን ቀለምና የቦታውን ተዳፋት ቢያይ ብቻ ብዙ ነገር ሊያውቅ ይችላል።

በበጋ ሁሉም ነገር በተቃራኒው ይሄዳል። ውሃው ከንጣፎቹ መካከል ይወጣል፣ አፈሩ ይኮማተራል፣ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ታዲያ ውሃው ከላይ ቀስ ብሎ እየሰረገ አይወርድም፤ በእነዚያ ስንጥቆች በቀጥታ ወደ ታች ይወድቃል። በኋላ ላይ ስንጥቁ ሲገጥም መሬቱ ውሃ የማያሳልፍ ይሆናል፤ የገባው ግን ገብቷል።

ቤቱ ይህን መቋቋም ያልቻለው ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ አፈር እንዳያብጥ ለመከልከል የሚያስፈልገው ጫና በብዙ መቶ ኪሎፓስካል ሊቆጠር ይችላል። ፎቅ የሌለው ቤት ግድግዳ መሠረቱን የሚጫነው በጥቂት አሥር ኪሎፓስካል ነው፤ ወለሉ ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በክብደቱ አፈሩን ሊጫነው ሲችል ቪላውን፣ የሰርቪስ ቤቱንና የግቢውን አጥር ግን አፈሩ ያነሳቸዋል። ስለ ትናንሽ ቤቶች «ክብደት የለውም፣ የአፈር ምርመራ አያስፈልገውም» የሚባለው አባባል በዋልካ ላይ የተገላቢጦሽ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ምርመራው

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ነገር ሳይጠገን መለካት ነበር። በዋና ዋና ስንጥቆች ላይ ቀጭን የጂፕሰም ልጣፍ ተደርጎ ቀን ተጻፈበት፤ ከግራና ከቀኝ በእርሳስ ምልክት ተደርጎም ርቀቱ በየወሩ ተለካ። የወለሉና የግድግዳው ከፍታ በላስቲክ ውሃ ልክ ተወሰደ። መነሻ ነጥብ ሆኖ ያገለገለው ተቋራጩ ወደ ታች ያወረደው ማዕዘን ነው፤ በቤቱ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ብቸኛው ነጥብ እሱ ነበርና።

ከቤቱ አጠገብ ሁለት የምርመራ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ አንዱ በባሕር ዛፎቹ በኩል፣ ሌላው በወጥ ቤቱ በኩል። ልዩነቱ ለማንም የሚታይ ነበር። በመጋቢት በዛፎቹ በኩል የወጣው አፈር እንደ ድንጋይ ደርቆ በዶማ ካልሆነ አይነካም፤ ቀጫጭን ሥሮች በስንጥቆቹ ውስጥ እስከ ጉድጓዱ ወለል ወርደዋል። በዚያው ሳምንት በወጥ ቤቱ በኩል የወጣው አፈር በእጅ እንደ ሊጥ የሚጠቀለል ነበር። በሁለቱም ጉድጓዶች ጎን ላይ በጥፍር ሲነካ የሚያንሸራትት፣ የተወለወለ የሚመስል ሰያፍ ፊት ታይቷል። ይህ አፈሩ እያበጠና እየተኮማተረ በገዛ ራሱ ላይ ሲንሸራተት የሚተወው ምልክት ነው፤ የዋልካ መለያ ከሆኑት አንዱም ነው።

በላቦራቶሪ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል በጣም ርካሹ በጣም አሳማኝ ሆኗል። አፈሩ በኦቨን ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በ0.425 ሚሊሜትር ወንፊት ከተነፋ በኋላ 10 ግራም 10 ግራም ተመዝኖ በሁለት ባለ 100 ሚሊሊትር የመስታወት መለኪያዎች ውስጥ ይደረጋል፤ አንደኛው ላይ ንጹሕ ውሃ፣ ሌላው ላይ ነጭ ጋዝ ይሞላል። በማግስቱ በነጭ ጋዙ ውስጥ ያለው አፈር ከታች ረግቶ 10 ሚሊሊትር አካባቢ ነበር። በውሃው ውስጥ ያለው ግን እንደ ወፍራም ገንፎ ሆኖ ከ20 ሚሊሊትር ምልክት በላይ አልፏል። የነጭ ጋዝ ሞለኪውል እንደ ውሃ ፖላር (አንዱ ጫፍ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ የሆነ) ስላልሆነ አዮኖቹን አይከብብም፣ በንጣፎቹ መካከልም አይገባም፤ ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት ማዕድኑ በራሱ ውስጥ የሚያስገባው ውሃ መለኪያ ነው። ባለቤቱ ሁለቱን መለኪያዎች ጎን ለጎን ካዩ በኋላ «እንግዲህ ግድግዳው ምን ያድርግ» ብለዋል። የማዕድኑን ዓይነት በኤክስሬይ ማስመርመርም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ውጤቱ ውሳኔውን ስለማይለውጥ ገንዘቡ ለቦዩ ሥራ ቢውል ይሻላል ብዬ ፈርጃለሁ።

ቀጥሎ የውሃ ምንጮቹ ተፈተሹ። ማታ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ የቆጣሪው ንባብ ተመዘገበ፤ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይከፍት ንባቡ ተቀይሮ ተገኘ። ወለሉ ሲከፈት በወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር የሚያልፈው የብረት ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ተላቅቋል። ቧንቧውን ያላቀቀው የአፈሩ ንቅናቄ ሲሆን፣ የፈሰሰው ውሃ ደግሞ አፈሩን ይበልጥ አሳብጦታል። ሁለቱ እርስ በርስ እየተመጋገቡ ስንት ጊዜ እንደቆዩ መገመት አያዳግትም።

ያልተጠበቀው ግኝት ከሳሎኑ ሥር የመጣ ነው። በመስከረም ወለሉ በአንድ ቦታ ሲበሳ በቀይ አሹ ውስጥ ውሃ ተኝቶ ተገኘ። ቀይ አሽ አያብጥም፤ ለዚህም ነው ዋልካን ለመተካት የሚመረጠው። ነገር ግን ውሃ በቀላሉ ያሳልፋል፤ በዋልካ ውስጥ ተቆፍሮ የተሞላ ቀይ አሽ ደግሞ ዙሪያውና ሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ገንዳ ይሆናል። ከጣሪያ የሚወርደውም፣ ከቧንቧ የሚያፈሰውም በዚያ ይጠራቀምና ከሥሩ ያለውን ዋልካ በበጋም ጭምር ያጠጣዋል። በዚያ ላይ በወለል የተሸፈነ መሬት ፀሐይ ስለማያገኘው ከሥር የሚወጣው እርጥበት አይተንም። የሳሎኑ መሀል የተነፋው በዚህ ነው፤ የግድግዳዎቹ ጠርዝ ደግሞ ከወቅቱ ጋር ይወጣና ይወርዳል። ከላይ የሚሰፋው የመኝታ ቤቱ ስንጥቅም የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ መሀሉ ከፍ ብሎ ጫፉ ዝቅ ሲል ግድግዳው አናቱ ላይ ይቀደዳል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ዓላማው አፈሩን ማድረቅ አልነበረም፤ ማርጠብም አልነበረም። በቤቱ ሥር ያለው እርጥበት ከጎን ወደ ጎንና ከወቅት ወደ ወቅት እንዳይለዋወጥ ማድረግ ነበር። ስለዚህ የኮንክሪት ሥራ ከመጨመር በፊት የውሃው መንገድ ተስተካከለ።

የተላቀቀው ቧንቧ ተነቅሎ ከወለሉ በላይ በሚታይ መስመር ላይ በሚተጣጠፍ የፕላስቲክ ቧንቧ ተተካ። የአሸንዳው መውረጃ ተራዝሞ በሲሚንቶ በተሠራ ቦይ በኩል ከግቢው ውጪ ካለው የመንገድ ቦይ ጋር ተገናኘ። የሣር መደቡ ከግድግዳው ርቆ ወደ አጥሩ ተወሰደ። ከዚያ በቤቱ ዙሪያ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ወደ ውጪ የሚያዘነብል የኮንክሪት ንጣፍ ተሠራ፤ ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ ተነጠፈ፤ በውጪው ጠርዝ ላይ ደግሞ ጠባብ ቦይ ተቆፍሮ ያው ፕላስቲክ ወደ ታች አንድ ሜትር ተኩል ያህል እንዲወርድ ተደረገ። ንጣፉ የዝናቡን ውሃና የበጋውን ትነት ከግድግዳው ያርቃል። ቁልቁል የወረደው ፕላስቲክ ደግሞ እርጥበቱ ከጎን እንዳይገባና እንዳይወጣ፣ የዛፍ ሥርም በቀላሉ እንዳያልፍ ያደርጋል። ንጣፉ ከግድግዳው ጋር አልተያያዘም፤ በመሀላቸው ያለው ክፍተት በሚለጠጥ ማሸጊያ ተሞላ።

በቀይ አሹ ውስጥ ለተኛው ውሃ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ የተበሳሳ ቱቦ ገብቶ ወደ ቦዩ መውጫ ተበጀለት። የሳሎኑ ወለል ተሰብሮ በድጋሚ ሲሠራ ከግድግዳው ጋር ሳይያያዝ እንዲቆም ተደረገ፤ ወደፊት ቢነሳም ግድግዳውን ይዞ አይነሳም። ስንጥቆቹ አልተነኩም። ልስን የሚደረገው አንድ ሙሉ ክረምትና አንድ ሙሉ በጋ ካለፈ በኋላ እንዲሆን ከባለቤቱ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያሳፍር ግድግዳ ይዞ ያን ያህል መቆየት ለቤተሰቡ ቀላል እንዳልነበረ መጥቀስ ተገቢ ነው።

በግቢው ውስጥ ለመኪና ማቆሚያ በተመረጠው ቦታ የላይኛው ዋልካ ተፈልፍሎ፣ ከኖራ ጋር በደንብ ተደባልቆ፣ ውሃ ተጨምሮበት ካደረ በኋላ ተጠቀጠቀ። የኖራው መጠን የተወሰነው አፈርና ኖራ በውሃ ተበጥብጠው ፒኤች የሚባለው የአሲድና የአልካሊ መለኪያ 12.4 የሚደርስበትን ዝቅተኛ ድርሻ በመፈለግ ነው።

የሠራው፣ ያልሠራውና የከፋው

የቧንቧው፣ የአሸንዳውና የዙሪያው ንጣፍ ሥራ ውጤት በመጀመሪያው ክረምት ታየ። የወጥ ቤቱ በር አልተላገም። በምሥራቅና በደቡብ ግድግዳዎች ላይ የነበሩት የስንጥቆች ወቅታዊ እንቅስቃሴ ከሚሊሜትር ክፍልፋይ የማይበልጥ ሆነ። የመኪና ማቆሚያውም ክረምቱን ሳይላቁጥ አለፈ።

በጉድጓድ የተሞላው ኖራ ግን ምንም አልሠራም ማለት ይቻላል። ከጉድጓዶቹ አንዱ በጎኑ ተቆርጦ ተከፍቶ ፊኖልፍታሊን ሲረጭበት፣ ኖራ የደረሰበትን የሚያሳየው ደማቅ ሮዝ ቀለም ከጉድጓዱ ጠርዝ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ አልፎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አፈሩ እንደጠቆረ ቀረ። ኖራ በእርግጥ ዋልካን ይለውጣል፤ ካልሲየሙ በንጣፎቹ መካከል ገብቶ እብጠቱን ይቀንሳል፣ በጊዜ ብዛትም ከአፈሩ ሲሊካና አልሙና ጋር ተዋሕዶ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ይህ እንዲሆን ግን ኖራው አፈሩ ዘንድ መድረስ አለበት፤ በእርጥብ ዋልካ ውስጥ ደግሞ በራሱ አይሰርግም። በማቆሚያው ላይ የሠራው በአካፋ ስለተደባለቀ ነው።

ወደ ጠንካራው መሬት የወረደው ማዕዘን ራሱን ችሎ ጸንቶ ቆሟል፤ ችግሩም ያ ነው። የቀረው ቤት ሲነሳና ሲወርድ እሱ ስለማይንቀሳቀስ በአጠገቡ ያለው ግድግዳ በቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ በሰፋ ስንጥቅ ተከፍሎ ነበር። ዙሪያው ከተስተካከለ በኋላ ይህ ስንጥቅ ቢረጋም አልገጠመም። መላው ቤት ካልወረደ በቀር አንድ ማዕዘን ብቻ ማውረድ በዋልካ ላይ የሚመከር አይመስለኝም።

ከሁሉም የከፋው የባሕር ዛፎቹ ጉዳይ ሆነ። ዕቅዱ ቅርንጫፋቸውን በየዓመቱ እየመለመሉ ቀስ በቀስ ማስወገድ ነበር። አንድ የቤተሰቡ ዘመድ ግን «ጥፋተኛው ዛፉ ከሆነ ምን ይጠበቃል» ብለው በሰኔ መግቢያ ሁሉንም አስቆርጠው ለአጠና ሸጧቸው። ዛፎቹ ለዓመታት ከአፈሩ ሲስቡት የኖሩት ውሃ ከዚያ ወዲያ የሚወስደው ጠፋ፤ እጅግ ደርቆ የነበረው ዋልካም ክረምቱን ሙሉ ጠጣ። በመስከረም የጓሮው ግድግዳ ጫፍ ወደ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተለካ። ከላይ ሰፊ የነበረው አሮጌ ስንጥቅ ገጠመ፤ በምትኩ ከታች ሰፊ የሆነ አዲስ ስንጥቅ ወጣ። እንቅስቃሴው የቀነሰው ሌላ ሙሉ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ የመጨረሻው ልስንም በዚያው ልክ ዘገየ።

የሳሎኑ እብጠት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ከሥሩ ያለው እርጥበት ተሸፍኖ ስለሚቆይ እንዲመለስም አልተጠበቀም፤ አዲሱ ወለል ደልዳላ ሆኖ ተሠርቶበታል።

ለሌሎች ሥራዎች የሚተላለፈው

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ስንጥቅን በሁለቱም ወቅቶች መለካት ነው። በሚያዝያ ብቻ ያየ ሰው «መሠረቱ ሰመጠ» ብሎ ይወስናል፣ በመስከረም ብቻ ያየ «መሬቱ ተነሳ» ይላል፤ ሁለቱም የሚያዙት ጥገና ይለያያል። ጂፕሰም፣ እርሳስና የላስቲክ ውሃ ልክ ለዚህ በቂ ናቸው። የስንጥቁ ቅርጽ፣ ከላይ ወይስ ከታች መስፋቱ፣ የቱ ጫፍ እንደተንቀሳቀሰ ይናገራል።

ቤቱን የሰበረው የውሃ መብዛት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ጎን ረጥቦ ሌላው መድረቁ ነው። ስለሆነም ጥገና ሲታሰብ የመጀመሪያው ወጪ ለቧንቧ፣ ለአሸንዳና ለቦይ ቢሆን በአብዛኛው ለኮንክሪት ከሚወጣው ያነሰ ሆኖ የተሻለ ያገለግላል። የዋልካ ገበሬ ይህን ከመሐንዲስ በፊት ያውቃል፤ በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ማሳቸውን በእጅ ከፍ ያለ መደብና ዝቅ ያለ ቦይ እያደረጉ የክረምቱን ውሃ ያስወጣሉ። የከተማ ግቢ ግን ብዙ ጊዜ ውሃውን የሚያስቀረው በገዛ አጥሩ ነው።

ዛፍን በተመለከተ፣ ገና ከመሠራቱ በፊት ዛፍ የቆመበት ቦታ ከሆነ ዛፉን ቆርጦ በማግስቱ መሠረት ማውጣት አይገባም፤ አፈሩ የተነጠቀውን ውሃ የሚመልስበት ቢያንስ አንድ ክረምት ያስፈልገዋል። የቆመ ቤት አጠገብ ከሆነ ደግሞ በችኮላ መቁረጥ ከመተው የባሰ ሊሆን ይችላል። አዲስ ባሕር ዛፍ ከቤቱ ቢያንስ ሲያድግ የሚኖረውን ቁመት ያህል ርቆ መተከል አለበት።

ለአዲስ ግንባታ ዋልካው ስስ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ማውጣት፣ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ የወቅቱ እርጥበት ከሚደርስበት በታች መሠረትን ማውረድ የታወቁት አማራጮች ናቸው። በሁለተኛው አማራጭ የግሬድ ቢሙ፣ ማለትም ግድግዳውን ተሸክሞ በመሠረቶቹ ላይ የሚያርፈው የኮንክሪት አግዳሚ፣ ሆዱ አፈሩን መንካት የለበትም፤ በመሀላቸው ክፍተት ካልተተወ ያበጠው አፈር ቢሙን ከሥር ይገፋዋል፣ ወደ ታች የወረደው መሠረትም በከንቱ ይሆናል። ዋልካው በከፊል ወጥቶ ሌላ ነገር የሚሞላ ከሆነ ከቀይ አሽ ይልቅ የማያብጥና ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ ገረገንቲ በየእርከኑ እየተጠቀጠቀ ቢሞላ ይመረጣል። ቀይ አሽ የግድ ከሆነ የተቆፈረው ጉድጓድ ወለል ወደ አንድ ጎን እንዲያዘነብልና ከዚያ ጎን የሚወጣ ማፍሰሻ እንዲኖረው በንድፉ ላይ መሣል አለበት፤ ወለሉ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ያንን ቱቦ ማስገባት ምን ያህል እንደሚያስቸግርና እንደሚያስወጣ በዚህ ቤት ታይቷል።